ክራር የሌለበት ክራር፦ ኪቦርድ ድምፅን ፈታትቶ እንዴት መልሶ ይገጥመዋል?

በቅርቡ እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ሠርግ ተጠርቼ ነበር። ድንኳኑ ጢም ብሏል። ማራገቢያው ሙቀቱን ከማገላበጥ በቀር የሚፈይደው ነገር የለም። ሙዚቀኞቹ ሁለት ናቸው፤ አንድ ዘፋኝ፣ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች። አጠገቤ የተቀመጠው ጎረቤታችን ጋሼ ነው። ምድር ባቡር ሲሠራ አርጅቶ ጡረታ የወጣ ሰው። («አንተ» ማለቴ ንቀት አይደለም። ድሬ ላይ «አንቱ» ብትሉት «ምን አጠፋሁ?» ይላችኋል።) ዘፋኙ ትዝታ ሲጀምር ጋሼ አንገቱን አስግጎ መድረኩን ቃኘ።

«አቦ፣ ክራሩን የሚመታው ማነው?»

«ያ ልጅ ነዋ።»

«እሱማ የያዘው ኦርጋን ነው።»

«ክራሩም እዚያው ውስጥ ነው ያለው፣ ጋሼ።»

«ስድስቱም ክር?»

«ኮምፒውተር ነው» ብዬ አለፍኩት። ጋሼ አልተዋጠለትም። እውነት ለመናገር እኔም አልተዋጠልኝም። «ኮምፒውተር ነው» ማለት መልስ ሳይሆን ከጥያቄ ማምለጫ ነው። እቤት ከገባሁ በኋላ ጉዳዩ እንቅልፍ ነሳኝ። ክሩ የለም፣ ቆዳው የለም፣ ጣቱም የለም። ታዲያ ድምፁን ማን ሠራው?

መልሱ ውስጥ አንድ ስም ደጋግሞ ይመጣል፤ ፉሪየር ትራንስፎርም። ስሙ ያስፈራል። ሐሳቡ ግን የሚያስፈራውን ያህል አይደለም። (ከዚህ በታች የማነሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ፣ ድምፅ ምንድን ነው?

የአየር መርገብገብ ነው። ክሩ ሲነካ ወዲያ ወዲህ ይላል። አጠገቡ ያለውን አየር ይገፋል፣ ይስባል። ግፊቱ እየተቀባበለ ጆሯችን ይደርሳል። በሴኮንድ ስንት ጊዜ ተመላለሰ? ያ ቁጥር ፍሪኩዌንሲ ይባላል፤ መለኪያው ኸርዝ ነው። 220 ኸርዝ ማለት በሴኮንድ 220 ምልልስ ነው። ቁጥሩ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲያንስ ይወፍራል። የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ይሰማል። ዕድሜ ሲገፋ የላይኛው ጫፍ ይቀንሳል።

ኮምፒውተር አየር አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥር ነው። ስለዚህ ከማይክሮፎኑ የሚመጣውን በየቅጽበቱ እየለካ ይመዘግባል። ሲዲ ላይ በሴኮንድ 44,100 ልኬት አለ። ለምን ያን ያህል? አንድን ሞገድ ሳያዛቡ ለመያዝ በአንድ ምልልስ ከሁለት በላይ ልኬት ያስፈልጋል። 44,100 ለሁለት ሲካፈል 22,050 ነው። ከጆሯችን ጣሪያ ትንሽ ከፍ ያለ።

ታዲያ ክራርና ማሲንቆ ለምን አይምታቱብንም?

ሁለቱንም 220 ኸርዝ ላይ እንቃኛቸው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁም ክራሩን ከማሲንቆው ትለያላችሁ። የድሬው ልጅ ዓሊ ቢራ ይጫወተው የነበረውን ዑድ ብንጨምርበትም አይምታታባችሁም። ቁጥሩ አንድ ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ክር ሲነካ የሚወዛወዘው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። በሙሉ ርዝመቱ ይወዛወዛል፤ ይህ 220 ነው። በዚያው ቅጽበት ለሁለት እንደተከፈለ ሆኖም ይወዛወዛል፤ 440። ለሦስት፣ 660። ለአራት፣ 880። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ከመሠረቱ በላይ የሚደረደሩት እነዚህ ድምፆች ሃርሞኒክ ይባላሉ። ለየብቻ አንሰማቸውም። ተደባልቀው እንደ አንድ ድምፅ ይሰሙናል። ክራርን ክራር የሚያሰኘው የትኛው ሃርሞኒክ በዛ፣ የትኛው አነሰ የሚለው ነው። ቢያንስ ለጊዜው እንዲህ እንበል፤ በኋላ አስተካክለዋለሁ።

በርበሬ አስቡ። ሙያ ያላት እናት የሰው ቤት በርበሬ በጣቷ ጫፍ ቀምሳ «ኮረሪማው በዝቷል፣ በሶብላ ጎድሎታል» ትላለች። ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ፣ አንድ ዱቄት የሆነውን ነገር ምላሷ ይለያየዋል። ፉሪየር ትራንስፎርም ለድምፅ እንደዚያ ምላስ ነው። ልዩነቱ፣ እሷ «በዝቷል» ስትል እሱ ግራሙን ይናገራል።

ይህን በዓይኔ ለማየት ስልኬ ላይ የድምፅ መመርመሪያ አፕ ጫንኩ። ነፃ ነው፤ ብዙ አሉ። ማታ ቤት ውስጥ ከፈትኩት። ማንም ሳይናገር አንድ መስመር ቀጥ ብሎ ታየ፤ 100 ኸርዝ ላይ። ግራ ገባኝ። ከዚያ ፍሪጁን ነቀልኩ። መስመሩ ጠፋ። መልሼ ሰካሁት፤ መጣ። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ኤሌክትሪኩ በአንድ ምልልስ ሁለት ጊዜ ጉልበቱ ጫፍ ላይ ስለሚደርስ ሞተሩ በ100 ያንጎራጉራል። ለዓመታት አብሬው ኖሬ አንድ ቀን ሰምቼው የማላውቅ ድምፅ ነው።

ቀጥሎ የጎረቤት ልጅ ክራሩን ይዞ መጣ። አንድ ክር ነካ። ስክሪኑ ላይ መስመሮች እንደ መሰላል ተደረደሩ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት እኩል። ከዚያ ደብዘዝ ማለት ጀመሩ። የላይኞቹ ቀድመው ጠፉ። የታችኞቹ ቆዩ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ፉሪየር የሙዚቃ ሰው ነበር?

አይደለም። የሙቀት ሰው ነበር። ዦዜፍ ፉሪየር በ1768 ፈረንሳይ ውስጥ ተወለደ። በ1798 ከናፖሊዮን ጋር ግብፅ ዘመተ። ሲመለስ ግሬኖብል የሚባል ተራራማ ከተማ ላይ የአውራጃ አስተዳዳሪ ሆኖ ተሾመ። ከግብፅ መልስ ብርድ አልችል ብሎ ቤቱን እያሞቀ፣ ልብስ ደራርቦ ይኖር ነበር ይባላል። ድሬ ቢመጣ ይስማማው ነበር።

ጥያቄው ሙቀት በብረት ውስጥ እንዴት ይጓዛል የሚል ነበር። በ1807 ለፓሪስ ምሁራን አንድ ጽሑፍ አቀረበ። የትኛውም የተወሳሰበ ቅርጽ የቀላል ሞገዶች ድምር ሆኖ ሊጻፍ ይችላል አለ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ላግራንዥ ነበር፤ በዘመኑ ከሚፈሩት የሒሳብ ሰዎች ግንባር ቀደሙ። አልተቀበለውም። ሹል ማዕዘን ያለው ቅርጽ ለስላሳ ሞገድ እየደመርክ እንዴት ይመጣል? ተቃውሞው የዋዛ አልነበረም። ፉሪየርም ያኔ ሁሉንም በማስረጃ አልዘጋውም። መጽሐፉ የወጣው በ1822 ነው። ሐሳቡ የት ድረስ እንደሚሠራ ለማጥራት ሌሎች ሰዎች ብዙ ዓመት ለፉበት።

ለጋሼ ይህን ስነግረው የያዘው አንድ ቃል ብቻ ነው። «ፈረንሳይ ነው?» አለ። ፈረንሳይኛ ከባቡሩ ጋር የመጣለት ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ በትዕግሥት አዳመጠኝ።

ኮምፒውተሩ ዝርዝሩን እንዴት ያገኘዋል?

የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነው፤ ረጋ ብለን እንሂድ።

ደቻቱን የሚያውቅ ይህን ትዕይንት ያውቀዋል። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለውም፤ አሸዋ ነው። አንዷ ባጃጅ አቋርጣለሁ ብላ ትገባና ጎማዋ ይሰምጣል። ሰው ይሰበሰባል። በጉልበት ብቻ አትወጣም። የሚያወጣት ምቷን ማወቅ ነው። ወደ ኋላ ስትመለስ ትጠብቃላችሁ፤ ወደ ፊት ስትሄድ ትገፋላችሁ። እያንዳንዱ ግፊት ባለፈው ላይ ይደመራል። ውዝዋዜዋ እያደገ ሄዶ ሆፕ! ትወጣለች። ምቷን ያልያዘ ሰው ቢመጣስ? አንዴ ያግዛል፤ አንዴ እየተመለሰች ሳለ ይገፋና የሠራውን ያከሽፋል። ሃያ ጊዜ ቢገፋ ድምሩ ዜሮ ነው። ላቡ ብቻ ይተርፈዋል።

ኮምፒውተሩ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የተቀዳው ድምፅ ባጃጇ ነች። ገፊው ንጹሕ ሞገድ ነው፤ ለምሳሌ የ220። ሁለቱን ጎን ለጎን ያደርግና ልኬት በልኬት ያባዛል። ሁለቱም ከፍ ወይም ሁለቱም ዝቅ ካሉ ብዜቱ ፖዘቲቭ ይሆናል። አንዱ ወጥቶ ሌላው ከወረደ ኔጌቲቭ። በመጨረሻ ሁሉንም ይደምራል። 220 ድምፁ ውስጥ ካለ ድምሩ ትልቅ ይሆናል። ከሌለ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ይጣፋል።

በአራት ልኬት ብቻ እንሞክረው። ድምፃችን 1፣ 0፣ -1፣ 0 ይሁን። የመጀመሪያው ገፊ 1፣ 0፣ -1፣ 0 ነው። ስናባዛና ስንደምር 1+0+1+0፤ 2 መጣ። ምቱን ይዟል። ሁለተኛው ገፊ ፈጠን ያለ ነው፤ 1፣ -1፣ 1፣ -1። 1+0-1+0፤ ዜሮ። ይህ ሞገድ ድምፁ ውስጥ የለም ማለት ነው። በቃ፣ ፉሪየር ትራንስፎርም ሠራችሁ።

አንድ ማጭበርበሪያ ግን አለች። ድምፁ 0፣ 1፣ 0፣ -1 ቢሆንስ? ያው ሞገድ ነው፤ ሩብ ምልልስ ዘግይቶ መጀመሩ ነው እንጂ። የመጀመሪያው ገፊ ቢሞክረው ግን ዜሮ ያገኛል። ያለውን ነገር የለም ይላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፍሪኩዌንሲ ሁለት ገፊዎች ይመደባሉ፤ አንዱ ከሌላው ሩብ ምልልስ ዘግይቶ የሚጀምር። ከሁለቱ ውጤት ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው ሞገዱ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ነው። ሌላው ከየት እንደጀመረ ነው። ይህ መነሻ ፌዝ (phase) ይባላል። ብዙ ማብራሪያ ፌዝን በአንድ መስመር ያልፈዋል። እኔም አልፌው ነበር፤ መጨረሻ ላይ አሳፈረኝ።

ይህ ሁሉ ስሌት ሰርግ ላይ እንዴት ይደርሳል?

በአንድ ጊዜ 1,024 ልኬት እንውሰድ። ለያንዳንዱ ገፊ 1,024 ብዜት፣ ገፊዎቹም 1,024 ያህል ቢሆኑ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይመጣል። ይህም ለ23 ሚሊሴኮንድ ድምፅ ብቻ ነው። በ1965 ኩሊ እና ቱኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አቋራጭ መንገድ አሳተሙ። ልኬቶቹን ሙሉና ጎዶሎ ቁጥር ብሎ ለሁለት መክፈል፣ እነሱንም እንደገና ለሁለት፣ እያሉ እስከ መጨረሻው። የአንዱ ግማሽ ውጤት ለሌላው ስለሚያገለግል ተመሳሳይ ስሌት ሁለቴ አይሠራም። ያ ከሚሊዮን የበለጠ ብዜት ወደ አሥር ሺህ አካባቢ ይወርዳል። መቶ እጥፍ ያነሰ። ስሙ ፈጣኑ ፉሪየር ትራንስፎርም ነው፤ በአጭሩ ኤፍኤፍቲ። የሚገርመው፣ የጀርመኑ ጋውስ ተመሳሳይ መንገድ በ1805 አካባቢ አግኝቶ ወረቀቱ ውስጥ ትቶት ነበር። ኮምፒውተር አልነበረም። ምን ያድርገው?

ድምፁ እየተለወጠ ከሆነስ?

ከድሬ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጀጎል አጠገብ ያደረ ሰው የጅብ ጩኸት ያውቃል። ከወፍራም ይጀምርና ወደ ላይ ይጎተታል፤ ዉዉዉዉ-ዊፕ። ጩኸቱን በሙሉ አንድ ላይ ትራንስፎርም ብታደርጉት ወፍራምም ቀጭንም ድምፅ እንዳለበት ይነግራችኋል። የቱ ቀድሞ እንደመጣ ግን ዝርዝሩን አይታችሁ አታውቁም።

ስለዚህ ድምፁ ይቆራረጣል። እያንዳንዷ ቁራጭ ለብቻዋ ትመረመራለች። ውጤቶቹ በተርታ ሲደረደሩ ስልኬ ላይ ያየሁት ሥዕል ይወጣል፤ ስፔክትሮግራም ይባላል። ዝም ብሎ መቁረጥ ግን ጫፉ ላይ ቋ የሚል ድምፅ ያመጣል። መድኃኒቱን ጣሪያ የመታ ሁሉ ያውቀዋል። ቆርቆሮ ሲመታ አንዱ ጫፍ በሌላው ላይ ይደረባል፤ አለዚያ ዝናብ ያስገባል። ቁርጥራጮቹም ይደራረባሉ። እያንዳንዷ ጫፏ ላይ እየሳሳች ትሄዳለች፤ በሳሳችበት ቀጣይዋ ትሸፍናለች።

ቁራጩ ምን ያህል ይርዘም? እዚህ ላይ ምርጫ የለም፣ መስዋዕትነት ነው ያለው። በ1,024 ልኬት «መቼ» የሚለውን በ23 ሚሊሴኮንድ ታውቃላችሁ። «ምን» የሚለው ግን በ43 ኸርዝ እርምጃ ነው የሚመጣው። 220 ኸርዝ አካባቢ ኪቦርድ ላይ በሁለት አጎራባች ኖታዎች መካከል ያለው ልዩነት 12 ኸርዝ ያህል ነው። ስለዚህ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ቁራጩን ወደ 4,096 ብታሳድጉት እርምጃው 11 ኸርዝ ይሆናል፤ ኖታዎቹ መለየት ይጀምራሉ። ግን አንዷ ቁራጭ 93 ሚሊሴኮንድ ሆነች፤ የጣቱ ንክኪ ውስጧ ሟሟ። ይህ የማሽኑ ድክመት አይደለም። ፈጣን ኮምፒውተር ብትገዙም አይቀየርም።

እሺ፣ መልሶ መሥራትስ?

ዝርዝሩ ካለ መልሶ መሥራቱ የዚያው መንገድ ግልባጭ ነው። በየድርሻቸው፣ በየመነሻቸው ሞገዶቹን ማስነሳትና መደመር። እንዲህ ድምፅን ከንጥረ ነገር መገንባት ሲንተሲስ ይባላል። 220ን በሙሉ ጉልበት አድርጉ፤ 660ን በሲሶው፣ 1,100ን በአምስተኛው፣ 1,540ን በሰባተኛው ጨምሩ። በጨመራችሁ ቁጥር ሞገዱ ለስላሳነቱ እየጠፋ እንደ ደረጃ አራት ማዕዘን ይሆናል። ድምፁም ልጅ ሆነን ቴሌቪዥን ላይ ሰክተን የምንጫወተው ጌም ዓይነት ይሆናል። ላግራንዥ ያልተዋጠለት ማዕዘን ይኸው ነው።

ጋሼ ኪቦርዱን ኦርጋን ማለቱ ተራ ስህተት እንዳይመስላችሁ። በ1935 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበው ሃሞንድ ኦርጋን ያለ ኮምፒውተር ይህንኑ ይሠራ ነበር። ውስጡ 91 የሚሽከረከሩ የብረት ጎማዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ንጹሕ የሚባል ሞገድ ያወጣል። ተጫዋቹ ፊት መጎተቻዎች በዘጠኝ በዘጠኝ ተደርድረዋል። አንዱን ስትስቡ አንድ ሞገድ ይጨመራል፤ ስትመልሱት ይቀነሳል። የበርበሬ ቅመማ በእጅ።

በዲጂታል ግን አንድ ወጥመድ አለ። ዝርዝራችሁ ላይ 25,000 ኸርዝ ብትጽፉ ድምፁ ጠፍቶ አይቀርም። በ44,100 ልኬት ስለማይያዝ ተንጸባርቆ 19,100 ላይ ይመጣል። ኖታው ከፍ ባለ ቁጥር ያልታዘዘ ድምፅ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። በቪዲዮ ስትቀርጹ የባጃጅ ጎማ ወደ ኋላ ሲሽከረከር አይታችሁ ይሆናል፤ የዚያ ወንድም ነው። ጥንቁቅ ሠሪ ከ22,050 በላይ ያለውን ከዝርዝሩ አስቀድሞ ይሰርዛል።

ከበሮስ? ከበሮ እንደ ክር ታዛዥ አይደለም። የተወጠረ ክብ ቆዳ ከመሠረቱ በላይ የሚያወጣቸው ድምፆች በስሌት 1.59 እና 2.14 እጥፍ ላይ ናቸው፤ 2 እና 3 ላይ አይደሉም። ለዚህ ነው ከበሮ ምት እንጂ ዜማ የማይሰጠን። የቤተ ክርስቲያን ደወልም ከዚሁ ዘመድ ነው። ሲንተሲሱ ሃርሞኒክ ብቻ ካወቀ ከበሮው ቆርቆሮ ይሆናል።

ታዲያ የሠርጉ ኪቦርድ ውስጥ ያለው ይህ ነው?

ብዙውን ጊዜ አይደለም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ማጭበርበር ይሆናል። አብዛኛው የሠርግ ኪቦርድ የተቀዳ ክራር ነው የሚያሰማው። አንድ ሰው አንድ ቀን አንድ ክር ነካ፤ ተቀዳ፤ ቁልፉ ሲነካ ያ ቀን ተመልሶ ይመጣል። ፉሪየር ያለው ከመጋረጃ ጀርባ ነው። ከቀረጻው ውስጥ የማራገቢያውን እንጉርጉሮ ለይቶ የሚያወጣ እሱ ነው። ሙዚቃችሁን አጭቆ ስልክ ላይ የሚያስገባው ኤምፒስሪ የእሱ ዘመድ በሆነ ስሌት ይሠራል፤ ጆሮ የማይሰማውን ከዝርዝሩ እየቀነሰ። ዘፈን ሳይቀጥን ሳይወፍር እንዲዘገይ የሚያደርገው ዘዴም መሠረቱ እዚህ ነው። በ1966 ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ ፍላናጋን እና ጎልደን ያወጡት ፌዝ ቮኮደር ቁርጥራጮቹን ያራርቃል፤ መጋጠሚያቸው እንዳይሰነጠቅ ፌዛቸውን ያስተካክላል። ዛሬ ጽሑፍ የሚያነቡ ሰው ሠራሽ ድምፆችም ብዙዎቹ መጀመሪያ ስፔክትሮግራም ይስላሉ፤ ከሥዕሉ ድምፅ ያወጣሉ። ጉግል በ2017 ይፋ ያደረገው ታኮትሮን 2 እንዲህ ነበር።

በነገራችን ላይ ጆሯችንም ራሱ ያጭበረብራል። የድሮ የመስመር ስልክ ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን አያሳልፍም ነበር። የወንድ ድምፅ መሠረቱ ብዙውን ጊዜ 120 አካባቢ ነው። ያም ሆኖ አባታችን ሲደውል እንደ ሴት አልቀጠነብንም። አእምሯችን ሃርሞኒኮቹን ሰምቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል።

ዝርዝሩ ልክ ሆኖ ድምፁ ለምን ሞተ?

ቃል የገባሁት እርማት እዚህ ነው። ከክራሩ ቀረጻ አንዱን ቁራጭ ወሰድኩ። የሃርሞኒኮቹን ድርሻ በጥንቃቄ ጻፍኩ። በላፕቶፕ ያንኑ ዝርዝር መልሼ ሠራሁት። ኖታው ልክ ነው፤ ድርሻው ልክ ነው። የወጣው ግን የበር ደወል ነው።

በ1960ዎቹ ዣን-ክሎድ ሪሴ የተባለ ፈረንሳዊ (ጋሼ እዚህ ጋ ፈገግ አለ) ቤል ላብስ ውስጥ በትራምፔት ተመሳሳይ ችግር ገጠመው። ያገኘው መልስ ዝርዝሩ እንደማይቆም ነው። ትራምፔት ጮክ ባለ ቁጥር የላይኞቹ ሃርሞኒኮች ከታችኞቹ ይበልጥ ያድጋሉ። ጆሮ ትራምፔት ብሎ የሚያውቀው ያን እድገት ነው። ክራር ደግሞ ተቃራኒው ነው። ስክሪኑ ላይ እንዳየሁት፣ ሲነካ ሁሉም አንድ ላይ ይፈነዳሉ፤ ከዚያ ከላይ ወደ ታች ይከስማሉ። የጣቱ ጠቅታ አለ፤ በጥቂት ሚሊሴኮንድ ያልፋል። ለእያንዳንዱ ሃርሞኒክ የየራሱን መነሳትና መክሰም ስሰጠው የበር ደወሉ ክር አወጣ። ገና ክራር አይደለም። ግን ክር ሆነ።

የመጨረሻዋ ሙከራ ያሳፈረችኝ ነች። ሙሉውን ቀረጻ ገለበጥኩት፤ ጭራውን ወደ ፊት፣ ራሱን ወደ ኋላ። ሁለቱንም ቀረጻዎች በሙሉ ርዝመታቸው ትራንስፎርም አደረግኩ። የሁለቱ ዝርዝር አንድ ነው። «ይመሳሰላል» አይደለም፤ በሒሳብ አንድ ነው። 220ው ያው፣ 440ው ያው፣ አንዲት ግራም አልተነቃነቀችም። የተለወጠው ያ የናቅሁት ፌዝ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ሞገድ ከየት ጀመረ የሚለው። አንድ ወጥ ሆኖ በሚቆይ ድምፅ ላይ ጆሯችን ለፌዝ ብዙም ግድ የለውም። እዚህ ግን «መቼ» የሚለው ሁሉ ተደብቆ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ስልኩን ይዤ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ደጁ ላይ ሻይ ይዞ ተቀምጧል። የተገለበጠውን አሰማሁት። እያደገ፣ እያደገ ይመጣና ድንገት ጭጭ ይላል።

«አኮርዲዮን» አለ ወዲያው። «ደህና አኮርዲዮን ነው።»

«የጎረቤት ልጅ ክራር ነው፣ ጋሼ። ገልብጬው ነው።»

አላመነኝም። ስልኩን ተቀብሎ ጆሮው ላይ ለጠፈው። እንደገና ሰማው። ከዚያ «በል አቅናው» አለኝ። አቀናሁት። ጣቱ ክሩን ሲነካ ጠቅ አለ።

«እሱ ነው» አለ ጋሼ። «በገባበት ነው የሚታወቀው።»